ጆርጅታውን፣ ወራጅ አለ

ዋሽንግተንን መጀመሪያ ያየኋት ጭቃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደርግ መጨረሻ አካባቢ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ወንበሩ ሚስማሩ ሱሪ የሚቀድ አግዳሚ፣ ቴሌቪዥኑ ማንም እንዳይነካው ቁም ሣጥን አናት ላይ የወጣ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ከተገኘ በነጻ ይገባና ፊት ተቀምጦ ይተረጉምልናል። ካልተገኘ ባለቤቱ ራሱ በሩን ተደግፎ ይተረጉማል፤ እንግሊዝኛው ከእኛ የማይሻል፣ ድፍረቱ ግን የሚበልጠን ሰው ነበር። "አሁን ምን አለው?" እንለዋለን። "አልለቅህም አለው" ይላል። በዚያ ቤት በታዩት ፊልሞች ሁሉ፣ ፍቅረኛዋን አቅፋ የምታለቅሰው ሴት ሳትቀር፣ "አልለቅህም" ትል ነበር።

እዚያ ካየኋቸው ውስጥ የሁለቱ ታሪክ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው "ኖ ዌይ አውት" ነው። ኬቪን ኮስትነር ከአሳዳጆቹ እያመለጠ ይሮጥና ጆርጅታውን በተባለ የምድር ባቡር ጣቢያ ይገባል። ሌላው "ዘ ኤክሶርሲስት"፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራው፣ ልጅቷ ላይ ሰይጣን የሰፈረባት። ይህን ያየሁት በአብዛኛው በጣቶቼ መካከል ነው። ያለ ጣት ያየሁት መጨረሻውን ነበር፤ ቄሱ በመስኮት ይወረወርና በጨለማ አንድ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንከባለለ እስከ ታች ይወርዳል። ባለቤቱ ያን ጊዜ አልተረጎመም፤ እሱም ፈርቶ ነበር።

ወሬው እቤት ቀድሞኝ ደረሰ። ያሳደገችኝን አክስቴን እቴቴ ነው የምንላት። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" የሚል ስም እንዳወጣለት ከአባቷ የሰማች ናት። "ያኔስ የሰው ጥላ አይተው ነው ሰይጣን ያሉት" አለችኝ፣ "አንተ ግን ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ ራሱን አይተኸው መጣህ።" ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጠበል አስጠጣችኝ። ፊልሙን መጨረሻው ምን ሆነ ብላ ግን አልጠየቀችኝም።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አሜሪካ ገባሁ። ያረፍኩት ሲልቨር ስፕሪንግ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። በሦስተኛው ቀን ጆርጅታውን ውስጥ ያለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ተነገረኝ፤ ኃላፊው ሐበሻ ነው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ድረስ ተባልኩ። እናድርስህ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ጆርጅታውንን አውቀዋለሁ ብዬ ነው! ኮስትነር ጣቢያው ሲገባ የነበረውን መብራት ሳይቀር አስታውሳለሁ።

የባቡሩ ካርታ ፊት ቆምኩ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። አምስቱንም መስመሮች በጣቴ ተከትዬ ከጫፍ ጫፍ ሄድኩ። ጆርጅታውን የለም። ጊዜው እየነጎደ ሲመጣ በሩ አጠገብ ያለች ዳስ ውስጥ የተቀመጠችውን የጣቢያ ሠራተኛ ጠየቅኳት። አየችኝና ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ቀድመውኝ የጠየቋት እንዳሉ የሚናገር ሳቅ ነው። ፎጊ ቦተም ወርደህ በእግርህ አለችኝ። ፎጊ ቦተም ወርጄ፣ ፔንሲልቬንያ ጎዳናን ይዤ፣ ሮክ ክሪክ የሚባለውን ሸለቆ ተሻግሬ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው። ቦታውን ሌላ ሰው ይዞታል። እንግዲህ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዬን ያሳጣኝ ኬቪን ኮስትነር ነው።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። የዋሽንግተን የምድር ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን ጆርጅታውን ላይ ያኔም ዛሬም አይቆምም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያንን ጣቢያ የቀረጹት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በባልቲሞር ምድር ባቡር ውስጥ ነው። ሰውዬው ጆርጅታውን ላይ ሮጦ ባልቲሞር ወረደ ማለት ነው። ለምን ጣቢያ እንዳልተሠራላት የታክሲ ሹፌር ሁሉ አንድ መልስ አለው፦ ሀብታሞቹ "ድሃ ይመጣብናል" ብለው ከለከሉ። እኔም ታክሲ ስነዳ ለስንቱ ተሳፋሪ እንዲህ ብዬ አስረድቻለሁ። በኋላ የባቡሩን ታሪክ የጻፈው ዛካሪ ሽራግ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መጽሐፍ ወሬውን አፈረሰብኝ። ሰፈሩ ወንዙ አፍንጫ ሥር ስለሆነ ከወንዙ በታች ከሚያልፈው ዋሻ የሚወጣ ጣቢያ እጅግ ጥልቅ መሆን ነበረበት፤ ደግሞም ባቡሩ የታሰበው ጠዋት ወደ ቢሮ ለሚጎርፍ ሠራተኛ ነው፣ ጆርጅታውን ያኔ ያን ያህል ቢሮ አልነበራትም። ነዋሪው ባይወደውም ነገሩ ገና ለጠብ ሳይደርስ በመሐንዲሶች ወረቀት ላይ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር የሹፌሮቹ መልስ ይጣፍጣል። ዛሬም አንዳንዴ ያመልጠኛል።

ሁለት ዓመት ሳህን አጥቤ፣ መኪና አቁሜ፣ የታክሲ ፈቃድ አወጣሁ። ያኔ ዲሲ ውስጥ ሂሳብ ቆጣሪ ሜትር የሚባል ነገር የለም። ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ካርታው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ይለጠፋል፤ ሂሳቡ ስንት ዞን ተሻገርክ ነው። የምክር ቤት አባላት በርካሽ እንዲመላለሱ ተብሎ ነው መስመሩ የተሰመረው ይባል ነበር። በዞን ያልተጣላሁት ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ከንቲባ ፌንቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በሜትር ሲተኩት ግን ግማሾቻችን ሰልፍ ወጣን። ሰው የለመደውን ጠብ አይለቅም።

የምሠራው የሌሊቱን ነው። ነዳጅ የምቀዳው ኤም መንገድ ጆርጅታውንን ጨርሶ ወደ ወንዙ ዳር ሊታጠፍ ሲል፣ የኪ ድልድይ አጠገብ በነበረ ማደያ ነበር። እዚያ ሌሊት ሌሊት ሐበሻ ሹፌር አይጠፋም ነበር። ኮፈን ላይ ቆሎ ይበተናል፣ ቡና ከፔርሙዝ ይቀዳል፣ የአገር ቤት ፖለቲካ ይቦካል። ከማደያው ጎን፣ ድሮ የትራም ማደሪያ ከነበረው ግዙፍ የጡብ ሕንፃ ግድግዳ ሥር፣ ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጣ ቀጥ ያለ ደረጃ አለ። ወጣቶች ቁምጣ ለብሰው ሽቅብ ቁልቁል ይሮጡበታል። እኔ ለሦስት ወር ያህል ጀርባዬን ሰጥቼው ነዳጅ ቀድቻለሁ።

አንድ ሌሊት ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ ሹፌር፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ በአገጫቸው ወደዚያ ጠቆሙና "የዚያ ቄስ ደረጃ እኮ ነው" አሉኝ።

"የቱ ቄስ?"

"ሰይጣኑ በመስኮት የወረወረው።"

የነዳጁን ቧንቧ መኪናዬ ላይ ሰክቼ ትቼው ሄድኩ። ግርጌው ስደርስ ደረጃው ብቻውን ነበር፣ አንዲት አምፖል፣ ግራና ቀኝ ግድግዳ። ስመለከተው አንጀቴ ተገለበጠ፣ ብርድ ልብሱ፣ የአግዳሚው ሚስማር፣ የባለቤቱ ዝምታ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። እየቆጠርኩ ወጣሁ። ሰባ አምስት ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1895 ከትራሙ ሕንፃ ጋር ነው፤ ማለትም ፊልሙ ሲቀረጽበት ዕድሜው ሰማንያ ሊሞላ ነበር።

ላይ ስደርስ ቤቱን ፈለግሁ። ፕሮስፔክት መንገድ፣ ጥግ ላይ፣ ቀይ የጡብ ቤት። እውነትም እሱ ነው። ነገር ግን መስኮቱ ደረጃው ላይ አይደለም። በቤቱና በደረጃው መካከል ግቢ አለ። ከዚያ መስኮት የተወረወረ ሰው የትም አይንከባለል፤ ሣሩ ላይ ድፍት ይልና ያበቃለታል። ቆሜ በዓይኔ ለካሁት፣ ወዲህ ሄድኩ ወዲያ ሄድኩ፣ አልገጠመም። ማታለላቸው የገባኝ ስለ ፊልሙ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ መስኮቱ ወደ ደረጃው እንዲቀርብላቸው ከቤቱ ጎን የውሸት ክፍል ገጥመው ቀጠሉበት። ሲጨርሱ አፈረሱት። የቤቱ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የተዋናዮቹ ትንፋሽ እንዲታይ መኝታ ክፍሉን በማቀዝቀዣ እንደ ሥጋ ቤት አቀዝቅዘውታል። ስለዚህ ቄሱ ኒው ዮርክ ካለ ክፍል፣ ዛሬ በሌለ መስኮት ወጥቶ፣ ዲሲ ደረጃ ላይ ወረደ።

አወዳደቁ ግን የእውነት ነበር። ደረጃውን ግማሽ ኢንች በሚሆን ጎማ አልብሰው አንድ ስታንት ሠሪ ሁለት ጊዜ አንከባለሉት። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአቅራቢያው ጣሪያ ላይ ቦታ ይዘው፣ ማየት ከሚፈልግ ሰው አምስት ዶላር ያህል ይቀበሉ እንደነበር ይነገራል። ይህን ሳነብ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ትዝ አለኝ። ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ዊልያም ፒተር ብላቲም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1949 በጋዜጣ ስለ አንድ ልጅ ያነባል፤ ሰይጣን ሰፍሮበታል የተባለ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ፣ ከዲሲ ድንበር ወጣ ብላ ካለች ኮቴጅ ሲቲ ከምትባል ትንሽ የሜሪላንድ ሰፈር። በልቡ ይዞት ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1971 መጽሐፉን ሲያወጣ ልጁን ሴት አደረጋት፣ ሰፈሩንም ወደሚያውቀው ደረጃ አመጣው። ኮቴጅ ሲቲን በየቀኑ ማለት ይቻላል አልፍባታለሁ። አንድም ቱሪስት እዚያ አድርሰኝ ብሎኝ አያውቅም።

ደረጃው ግን ገበያዬ ሆነ። ዩኒየን ስቴሽን ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሻንጣውን ሲያስገባ "የኤክሶርሲስት ደረጃ" የሚል ከመጣ ደስ ይለኛል፣ ረጅም መንገድ ነው። መንገድ ላይ አወራላቸዋለሁ። የውሸት ግድግዳውን፣ ጎማውን፣ ማቀዝቀዣውን። ሽማግሌው ቄስ አባ ሜሪን በጉም ውስጥ መብራቱ ሥር የሚቆሙበት፣ ፖስተሩ ላይ የወጣው ትዕይንት እዚያው ቤት ደጃፍ የተቀረጸ መሆኑን። አንድ ነገር ብቻ ለተሳፋሪ ነግሬ አላውቅም፤ ሽማግሌው ቄስ ከታክሲ ነው የሚወርዱት፣ ፊልሙን ስንት ጊዜ ደጋግሜ አይቼ ሂሳብ ሲከፍሉ አላየሁም።

ቲፑ እያደገ ሲሄድ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ባለቤት መፍጠር ጀመርኩ። አንዲት ከኦሃዮ የመጣች ሴትና ባሏን፣ ሌሊት ነዳጅ ስቀዳ ከደረጃው ላይ የሚንከባለል ነገር ድምፅ ሰምቼ አውቃለሁ አልኳቸው። ሴትዮዋ የባሏን እጅ ያዘች። ሃያ ዶላር ጨመሩልኝ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለ ሰይጣኑ አይደለም፣ ስለ ሃያ ዶላሩ ነው።

ዩኒየን ስቴሽን ራሱ የፊልም ቦታ ነው። የሂችኮክ "ስትሬንጀርስ ኦን ኤ ትሬን"፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው፣ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ፊት አይታይም፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ ከሁለት ታክሲ ይወርዳል። እኛ እዚያ ስንቆም ግን ጋሼ የሚያወሩት ሌላ ፊልም ነው፣ የዜናውን። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1963 ጃንሆይ በባቡር መጥተው ኬኔዲ ጣቢያው ድረስ ወጥተው የተቀበሏቸውን። ሁለት ወር ሳይሞላ ጃንሆይ ተመልሰው መጡ፣ ያን ጊዜ ከኬኔዲ ሬሳ ሳጥን ኋላ በእግራቸው ሊሄዱ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ሰልፉ ይንቀሳቀስና ተራቸው ያልፋል፤ ከኋላ ያለው ክላክስ ያደርጋል፣ እሳቸው ግን ኬኔዲን ሳያስቀብሩ መኪናቸው ውስጥ አይገቡም።

ሌላውን ቦታ ሁሉ አመላልሻለሁ። የሊንከን ሐውልት ፊት ያለውን ኩሬ፣ "ፎረስት ጋምፕ" ውስጥ ቶም ሃንክስና ጄኒ ውኃ ውስጥ ሮጠው የሚገናኙበትን። ዩ ስትሪት ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች አጠገብ ያለውን ቤንስ ቺሊ ቦውል፣ "ፔሊካን ብሪፍ" ውስጥ የታየውን። ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለውን የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን ሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ ያውም ሴኔጋላዊ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 "ሳንኮፋ"ን ሲጨርስ አከፋፋይ ስላጣ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ ያሳየ ሰው ነው። ዲሲ ላይ ሰው ለሳምንታት ተሰልፎ አይቶለታል። ከተማዋ ለዚህ ሰልፍ ሰሌዳ አልሰቀለችም።

ለደረጃው ግን ሰቀለች። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 2015፣ አርብ ቀን፣ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር፣ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪንና ብላቲ ራሱ ተገኝተው ከደረጃው ግርጌ ሰሌዳ ተመረቀ። በዚያ ሰሞን እቴቴ ዲሲ ነበረች፤ ልጇ ወልዳ ለማረስ መጥታ። እሑድ ዕለት ቅዳሴ ሄደን፣ ምሳ በልተን፣ ከተማ ላሳይሽ አልኳትና ሊንከንን፣ ዋይት ሀውስን ስትጨርስ ምን እንደሆነ ሳልነግራት ደረጃው ሥር አቆምኩ። የክረምት ሰዓት የተቀየረበት ቀን ስለነበር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልም ጀምሯል። ወጣቶች ሰሌዳውን ከበው ፎቶ ይነሳሉ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች።

"እዚህ ፊልም ተሠርቷል ነው።"

"የምን ፊልም?"

"ያ የቆጣሽኝ፣ ጠበል ያጠጣሽኝ።"

ዘወር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ደረጃውን። "ዛሬ የወሩ ማርያም ናት፣ ምን ሰይጣን አለ ብለህ ነው" አለችና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ያኔ ያልጠየቀችውን ጠየቀች፦ "መጨረሻው ምን ሆነ?"

ተረጎምኩላት። ሽማግሌው ቄስ በልብ ድካም መሞታቸውን፣ ወጣቱ ቄስ ሰይጣኑን ልጅቷን ልቀቅና ወደ እኔ ና ማለቱን፣ ሲገባበት ደግሞ በመስኮት መወርወሩን።

"ና አለው?"

"አዎ።"

"ቄስ ሆኖ? ውጣ ይባላል እንጂ ና ይባላል እንዴ! ጠበል አልረጩም?"

"ረጭተዋል።"

"እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከዚያች ልጅ የባሰባቸውን አይቻለሁ። ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፣ ስምህ ማን ነው ይባላል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። መስኮት ምን አገባው።"

"መስኮቱም እኮ የውሸት ነው እቴቴ። ለፊልሙ ብለው ነው የገጠሙት፣ ወዲያው አፍርሰውታል።"

"ታዲያ እኔ ለውሸት ነው ሳምንት ሙሉ ውኃ ያመላለስኩልህ?"

ከዚያ መቁጠሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ጉልበቷን አስታውሼ ልከለክላት ስል እግሯን አንስታ ነበር። አንድ ደረጃ፣ አንድ ፍሬ። ሯጮቹ ጥግ ያዙላት። በማረፊያዎቹ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትቀጥላለች። ላይ ስትደርስ ከታች ነጭ ነገር ብቻ ትታየኝ ነበር። እንዳትወርድ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋትና መኪናዬን አስነሳሁ።

በኤም መንገድ ዞሬ ፕሮስፔክት ላይ ስወጣ መሽቷል። ቀዩ ቤት ደጃፍ፣ የመንገዱ መብራት ሥር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ፍሬን ያዝኩ። በሩን ከፍታ ገባች።

"ሰባ ሰባት ነው" አለችኝ።

"ሰባ አምስት ነው እቴቴ። የታወቀ ነው።"

"አንድ ዙር አርባ አንድ፣ ከዚያ ሠላሳ ስድስት" አለች መቁጠሪያውን ፊቴ አንከርፍፋ፤ ሠላሳ ስድስተኛዋን ፍሬ በሁለት ጣቷ እንደያዘቻት ነው። "የወጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ንዳ።"